ሁለቱ ዘመኖች፦ የልብ ወለድ ታሪካዊ ዳራ ለፈተና እንዴት ይጠናል

ለሥነ ጽሑፍ ፈተና በሚዘጋጅ ተማሪ ደብተር ውስጥ ብዙ ጊዜ ሁለት ነገሮች ተለያይተው ይቀመጣሉ። በአንዱ ገጽ የልብ ወለዱ ታሪክ ተጨምቆ ሰፍሯል፦ ማን ማንን አፈቀረ፣ ማን ከማን ጋር ተጣላ፣ መጨረሻው ምን ሆነ። በሌላው ገጽ «ታሪካዊ ዳራ» በሚል ርእስ ሥር የነገሥታት ስም፣ የጦርነት ዓመትና የአዋጅ ቀን ተደርድሯል። ተማሪው ሁለቱንም ሸምድዶ ይገባል። የድርሰት ጥያቄ ሲቀርብለት ከሁለተኛው ገጽ አንድ የመግቢያ አንቀጽ ይሠራል፤ ከዚያ ወደ መጀመሪያው ገጽ ይሻገርና እስከ መደምደሚያው ድረስ ታሪኩን ይተርካል። የታሪክ ዕውቀቱ ስለ ልብ ወለዱ አንድም ነገር ሳይናገር መግቢያው ላይ ይቀራል። ይህ ልጅ አላጠናም ማለት አይቻልም፤ ደክሞበታል። ድካሙ ፍሬ ያጣው ሁለቱን ገጾች የሚያገናኘውን ጥያቄ ስላልጠየቀ ነው።

ጥያቄው ይህ ነው፦ ይህ ሰው፣ በዚህ ቦታ ላይ፣ ሌላ ነገር ማድረግ ለምን አልቻለም? ልብ ወለድ ስናነብ ገጸ ባሕርያቱ በገዛ እጃቸው መከራ የሚጠሩ የሚመስሉበት ቦታ ያጋጥመናል። አባት ልጁን ለሚመጥናት ሰው ቢድር ምን ነበረበት እንላለን፤ ወጣቱ እውነቱን ተናግሮ ቢገላገል እንላለን። እንዲህ ያልንበት ቦታ ሁሉ የታሪክ ጥናታችን መነሻ ነው፤ በእኛ ዘመን ቀላል የሚመስለው መፍትሔ በእነሱ ዘመን የተዘጋበትን ምክንያት ሊነግረን የሚችለው ታሪክ ነውና። ስለዚህ የዚህ ምዕራፍ ሐሳብ አጭር ነው። ለፈተና ታሪካዊ ዳራ የሚያጠና ሰው መነሻውን ከታሪክ መጽሐፉ ሳይሆን ከልብ ወለዱ ማድረግ አለበት፤ ከልብ ወለዱም ውስጥ ከሚያስቸግሩት ቦታዎች። ከዚያም ታሪኩ የተፈጸመበትን ዘመንና መጽሐፉ የተጻፈበትን ዘመን ለይቶ መያዝ አለበት። ይህን ያደረገ ተማሪ የሚያስታውሰው የታሪክ ነጥብ ቁጥሩ ቢያንስም እያንዳንዱ ነጥብ ሥራ ይሠራለታል።

ነገሩን በባዶ ከማስረዳት አብዛኛው አንባቢ የሚያውቀውን አንድ መጽሐፍ ይዞ መሄድ ይሻላል። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። በመጽሐፍ ያላነበበው ሰው እንኳ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሰምቶታል። የመጽሐፉ ዓለም ከጣሊያን ወረራ በፊት የነበረው ጎጃም ነው፦ በዛብህ የተወለደበት ማንኩሳ፣ ፍቅረኛው ሰብለ ወንጌልና አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ የሚኖሩበት ዲማ፣ በመጨረሻም ሸሽተው የሚሄዱባት አዲስ አበባ። ደራሲው ራሱ ጎጃም ተወልዶ ዲማን ጨምሮ በአካባቢው የቤተ ክህነት ትምህርት ቤቶች የተማረ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከራስ እምሩ ጋር የዘመተ፣ ተማርኮ ዓመታትን በጣሊያን እስር ያሳለፈ፣ ከነፃነት በኋላ ዲፕሎማትና ሚኒስትር የሆነ ሰው ነው። ታሪኩ ከተፈጸመበት ዘመን እስከ ታተመበት ዓመት ድረስ ቢያንስ ሠላሳ ዓመት አለ። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ አገሪቱ ተወረረች፣ ነፃ ወጣች፣ ዘመናዊ ትምህርት ቤትና ዩኒቨርሲቲ ከፈተች። አንድን ትዕይንት ስናብራራ ከየትኛው ዘመን ተነሥተን እንደምንናገር ካላወቅን እነዚህ ዓመታት በመልሳችን ውስጥ ይደበላለቃሉ።

የመጀመሪያው አስቸጋሪ ቦታ የበዛብህ ስለት ነው። ወላጆቹ ለእግዚአብሔር ስለሰጡት ሚስት ሊያገባ አይገባውም። የዛሬ ተማሪ እዚህ ላይ ሲደርስ ብዙ ጊዜ «ኋላ ቀር እምነት» ብሎ ያልፋል፤ ይህን ጽፎ ደግሞ ታሪካዊ ዳራውን የነካ ይመስለዋል። ዳራው ግን ከዚህ የበለጠ ይናገራል። በዚያ ዘመን የአንድ ገበሬ ልጅ ከተወለደበት ኑሮ ወጥቶ ከትልቅ ሰው ቤት ሊገባ የሚችልባቸው መንገዶች ጥቂት ነበሩ። አንዱ ጦር ሜዳ ነው፤ ሌላው የቤተ ክህነት ትምህርት። ልጁ ከቤቱ ወጥቶ፣ ለምዱን ደርቦ፣ ቁራሽ እየለመነ፣ ውሻ እየተከላከለ ከንባብ ወደ ዜማ፣ ከዜማ ወደ ቅኔ ይሻገራል። ከዘለቀው ባላባትም ቢሆን የሚያከብረው ሊቅ ይሆናል። በዛብህ የፊታውራሪ መሸሻን ደጅ ያለፈው በዚህ መንገድ ነው፤ ሰብለን እንዲያስተምር የተጠራ የተማረ ሰው በመሆኑ። እንግዲህ ልብ ማለት የሚገባው ነገር እዚህ አለ፦ ወደ ሰብለ ያደረሰውና ከሰብለ የሚከለክለው አንድ ነገር ነው። ስለቱ ባይኖር ኖሮ ምናልባት በማንኩሳ አራሽ ሆኖ ይቀር ነበር፤ ሰብለን ዐይቷትም አያውቅም። ስለቱ ስላለ ደረሰ፤ ስለቱ ስላለ ተከለከለ። ይህን የጻፈ ተማሪ ስለ ቤተ ክህነት ትምህርት ያጠናው ነገር የልብ ወለዱን ግጭት አሠራር እንዲያይ ረድቶታል። «ኋላ ቀር እምነት» ያለው ግን ገጸ ባሕርዩን ፈርዶበት አለፈ እንጂ አላብራራውም።

ሁለተኛው ቦታ የፊታውራሪ መሸሻ የዘር ኩራት ነው። ጠያቂ ሁሉ በዘሩ እያነሰበት ሲመልስ ልጁ ዕድሜዋ ያልፋል። የተለመደው መልስ «የፊውዳሉ ሥርዓት ሰውን በዘር ይለያል» የሚል ነው። ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን በጣም ጥቅል ስለሆነ ከማንኛውም አገር ባላባት ጋር ይሄዳል። የኢትዮጵያን የዘመኑን ታሪክ ቀረብ ብለን ስናየው አንድ ያልተጠበቀ ነገር እናገኛለን። ማዕርግ በደም ብቻ የሚወረስ አልነበረም፤ በሹመት የሚሰጥ ነበር። የመሸሻ ማዕርግ ራሱ፣ ፊታውራሪነት፣ የጦር ሹመት ነው። በዚያው ማዕርግ የሚጠሩት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ተማርከው ወደ ምኒልክ ቤት የገቡ ሰው ነበሩ፤ በችሎታቸው የጦር ሚኒስትር ሆኑ፣ ከምኒልክ በኋላም በአገሪቱ ካሉት ኃያላን አንዱ ሆነው እስከ ዕለተ ሞታቸው ቆዩ። ዝቅ ብሎ የተወለደ ሰው ከፍ ሊል የሚችልበት ዘመን ነበር ማለት ነው። ይህን ስናውቅ የመሸሻ ኩራት ሌላ መልክ ይይዛል። በዘሩ የሚኮራው የዘር ጉዳይ አስተማማኝ ስለነበረ አይደለም፤ እንዲያውም እያደር አስተማማኝነቱን እያጣ ስለመጣ ነው። ከእሱ በታች የነበረ ሰው ነገ ከበላዩ ሊሾም ይችላል። ማንም ሊሾምበትና ሊሽርበት የማይችለው ሀብት የቤተሰቡ የትውልድ ሐረግ ብቻ ነው፤ ያ ሐረግ ደግሞ የሚቀጥለው በሰብለ ነው። በዚያ ዘመን በጎጃም ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይወረስ ነበር፤ ሴት ልጅም ትወርስ ነበር። ባሏ ማን ነው የሚለው ጥያቄ እንግዲህ የልብ ጉዳይ ብቻ ሊሆን አይችልም። መሸሻ ግትር ነው፤ ሆኖም ግትርነቱ ምክንያት የሌለው እብደት አይደለም። ደራሲው የፈጠረው ሰው ጭራቅ ያልሆነውም ለዚህ ይመስለኛል።

ሦስተኛው ቦታ ከሁሉም የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ብዙ ተማሪ የሚሳሳተውም እዚህ ነው። ገበሬዎቹ የፊታውራሪውን ጥያቄ አንቀበልም ብለው በአበጀ በለው መሪነት ይነሣሉ፤ ባላባቱ ሊቀጣቸው ዘምቶ ራሱ ይያዛል። ተማሪው ይህን ሲያነብ በትምህርት ቤት ከሰማው «መሬት ለአራሹ» ከሚለው መፈክር ጋር ያያይዘዋል፤ «ጭሰኞች መሬት ለማግኘት ያደረጉት ትግል» ብሎ ይጽፋል። እዚህ ላይ የተሸመደደው ታሪክ ልብ ወለዱን ይሸፍነዋል። የጎጃም ገበሬ በብዛት ጭሰኛ አልነበረም። ባለ ርስት ነበር፤ ከአቅኚ አባቱ የመጣ፣ ማንም በቀላሉ የማይነጥቀው የመሬት መብት ነበረው። እንደ መሸሻ ያለው ባላባት የያዘው ጉልት ነው፦ በዚያ መሬት ላይ ከሚኖረው ሰው ግብር የመቀበል፣ ሥራ የማዘዝና የመዳኘት መብት። ባለ ጉልቱ የመሬቱ ጌታ ሳይሆን የግብሩ ጌታ ነው። ጭሰኝነት የገነነው በደቡብ ነበር፤ ከምኒልክ ዘመቻ በኋላ መሬት ለሹማምንትና ለወታደር በተከፋፈለበት አገር። ስለዚህ የአበጀ በለው ሰዎች የሚጣሉት መሬት ለማግኘት አይደለም፤ መሬቱማ የእነሱ ነው። ጠቡ ግብር ወሰን አለው ወይስ የለውም በሚለው ላይ ነው። ልማድ የወሰነውን ይሰጣሉ፤ ከልማዱ ውጭ ሲጠየቁ እምቢ ይላሉ። ይህ ልዩነት ትንሽ ቢመስልም የአመፁን ጠባይ በሙሉ ይለውጠዋል። እምቢ ያሉት ሰዎች አዲስ ሥርዓት የሚሹ አብዮተኞች አይደሉም፤ የአሮጌውን ሥርዓት ደንብ ያፈረሰው ባላባቱ ነው ብለው የሚያምኑ ሰዎች ናቸው። ድፍረታቸውም የሚመነጨው ከዚያ ነው፦ ሕግ ከእነሱ ጋር እንደሆነ ስለሚሰማቸው።

ለዚህ ንባብ ከልብ ወለዱ ውጭም ድጋፍ አለ። ጎጃም ከአንድ ጊዜ በላይ በግብር ምክንያት የሸፈተ አገር ነው። የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ራስ ኃይሉ በ1924 ዓ.ም. እስኪሻሩ ድረስ ጎጃምን ሲገዙ በግብር አክባጅነት ይታወቁ ነበር። ከነፃነት በኋላም የመሬት ግብር ለውጥ በመጣ ቁጥር ገበሬው ተቃውሟል። ትልቁ አመፅ የተነሣው በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ነው። ገበሬው የፈራው ገንዘቡን ብቻ አልነበረም፤ መሬት መለካትና መመዝገብ ሲጀመር ርስቱን የሚያሳጣው መሰለው። መንግሥት ጦር ልኮም ግብሩን በሰላም ሊሰበስብ አልቻለም። ይህ የ1960ው አመፅ የተነሣው ልብ ወለዱ ከታተመ በኋላ ስለሆነ ለመጽሐፉ ምንጭ ሊሆን አይችልም። ተማሪ በፈተና ወረቀቱ ላይ «ደራሲው የ1960ውን አመፅ አሳየ» ብሎ ከጻፈ የዘመን ቅደም ተከተል ያፈርሳል። ነገር ግን ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ የጎጃም ገበሬ ርስቱንና ልማዱን ለመጠበቅ መነሣቱ ሐዲስ ዓለማየሁ ከራሱ የፈጠረው ሳይሆን በአካባቢው ሥር የሰደደ ነገር መሆኑን ማሳየት ይችላል።

እስካሁን የተናገርነው ታሪኩ ስለተፈጸመበት ዘመን ነው። የተጻፈበት ዘመን ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያመጣል፦ በ1958 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ መጽሐፉን የገዛው አንባቢ ምን እያሰበ ያነበው ነበር? ከአምስት ዓመት በፊት፣ በታኅሣሥ 1953፣ በጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና በወንድማቸው በገርማሜ ንዋይ የተመራው የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ከሽፏል። በየካቲት 1957 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ አደባባይ ወጥተዋል። ጉልትም በሕግ የተሻረው በዚያው በ1958 ዓ.ም. ነው። መጽሐፉ የሚተርክለት የባላባት መብት ከሕግ መዝገብ በሚወጣበት ዓመት መጽሐፉ ራሱ ከማተሚያ ቤት ወጣ። ይህ መገጣጠም ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ ከ500 ገጽ በላይ የሆነ ልብ ወለድ በአንድ ዓመት ሰልፍ ተነሣሥቶ አይጻፍም። የአንባቢውን ሁኔታ ግን ይነግረናል። ያ አንባቢ መሸሻን የሚያነበው እንደ ሩቅ ተረት አልነበረም፤ የዚያ ሥርዓት ዕጣ በየመሥሪያ ቤቱና በየግቢው የሚነሣ ክርክር ነበርና።

ጉዱ ካሳን የሚያብራራው ይህ ሁለተኛው ዘመን ይመስለኛል። በታሪኩ ውስጥ ካሳ ዳምጤ የመሸሻ ዘመድ ነው፤ የተማረ ነው፤ የሚናገረው ግን አይሰማለትም፤ «ጉዱ» የሚለውን ስም ያወጡለት ነገሩ እንግዳ ስለሆነባቸው ነው። በተፈጸመበት ዘመን ብቻ ካየነው ንግግሮቹ ረዝመው የተሰኩ ስብከቶች ሊመስሉ ይችላሉ፤ በዲማ የሚያዳምጠው ሰው የለም ማለት ይቻላል። በተጻፈበት ዘመን ስናየው ግን አድማጭ አለው። ጎረቤቶቹ እብድ ያሉት ሰው በ1958ቱ አንባቢ ዘንድ ጤነኛ ሆኖ ይታያል። ይህ በሁለቱ ዘመኖች መካከል ያለ ርቀት የገጸ ባሕርዩ ኃይል ምንጭ ነው፤ በልብ ወለዱ ውስጥ የሚከሰሱት ሰዎች የማይሰሙት ክስ ለአንባቢው ይደርሳል። ፈተና ላይ «የጉዱ ካሳ ሚና ምንድን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ «የደራሲው ቃል አቀባይ ነው» የሚለው መልስ ብዙ ጊዜ ይጻፋል። ከሁለቱ ዘመኖች ተነሥቶ የሚመልስ ተማሪ ከዚያ የተሻለ ነገር ሊል ይችላል፦ ሰውየው በራሱ ዘመን ብቸኛ የሆነበትን ምክንያትና በአንባቢው ዘመን ብቸኛ ያልሆነበትን ምክንያት።

አሁን ይህ በፈተና ወረቀት ላይ ምን እንደሚመስል እንይ። ጥያቄው «በልብ ወለዱ ውስጥ የገበሬዎቹ አመፅ ለጭብጡ ያለውን ፋይዳ አብራሩ» የሚል ነው እንበል። ደካማው መልስ ሦስት መስመር ስለ ፊውዳል ሥርዓት ጨቋኝነት ጽፎ አመፁን ይተርካል። ጠንካራው መልስ እንዲህ ሊጀምር ይችላል፦ የአበጀ በለው ሰዎች ባለ ርስት ገበሬዎች ስለሆኑ እምቢታቸው የሚነሣው ከልማድ ወሰን ላይ ነው፤ ፊታውራሪ መሸሻም የሚሸነፈው ሥልጣኑ ያረፈበትን ልማድ ራሱ ስለጣሰ ነው፤ በቤቱ ውስጥ ደግሞ ዘርን ለመጠበቅ ሲል ዘሩን የሚያስቀጥለውን የልጁን ጋብቻ ያግዳል፤ ስለዚህ በደጅም በቤትም የሚፈርሰው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። በዚህ መልስ ውስጥ ከታሪክ የመጣው ነጥብ አንድ ብቻ ነው፤ ባለ ርስት የሚለው። ያቺ አንዲት ነጥብ ግን ሁለት የማይገናኙ የሚመስሉ የመጽሐፉን ክፍሎች አገናኘች። ዓመተ ምሕረት አልተጠቀሰም፤ የንጉሥ ስም አልተጠቀሰም። ቢጠቀስ አይጎዳም፤ ሳይጠቀስም ዳራው በመልሱ ውስጥ አለ። ክለሳውም እንዲሁ መሆን አለበት፦ ተማሪው ያልገባውን ትዕይንት ይጽፋል፣ ከሥሩ «ለምን ሌላ ማድረግ አልቻለም?» ይላል፣ ለዚያ መልስ የሚሆን አንድ የታሪክ ነጥብ ፈልጎ ያክልበታል፣ በመጨረሻም ነጥቡ ትዕይንቱን እንዴት እንደለወጠው በራሱ ቃል በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል። ያ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ካልመጣለት የታሪክ ነጥቡ ለዚያ ትዕይንት አያገለግልም ማለት ነው፤ ይተወው።

በዚህ ላይ የሚነሣ ከባድ ተቃውሞ አለ። ልብ ወለድ የኪነ ጥበብ ሥራ ነው፤ ቋንቋውን፣ አወቃቀሩን፣ የገጸ ባሕርያቱን አሳሳል ትቶ ርስትና ጉልት ማጥናት ሥነ ጽሑፍን የታሪክ ትምህርት አገልጋይ ማድረግ ነው ይላሉ። ፍቅር ደግሞ ዘመን አይወስነውም፤ ርስት ምን እንደሆነ የማያውቅ አንባቢም በሰብለና በበዛብህ መጨረሻ ያለቅሳል። ይህ ተቃውሞ ግማሹ እውነት ነው፤ እውነት የሆነውንም ክፍል መቀበል ያስፈልጋል። ዳራውን ያጠና ሰው ካላጠናው የበለጠ ያለቅሳል ማለት አይቻልም። ፈተና የሚጠይቀው ግን ስሜቱን ብቻ አይደለም፤ ስሜቱ በምን እንደተሠራ ነው። ሐዘኑ የጠለቀው ፍቅረኞቹን የሚለያያቸው አንድ ክፉ ሰው ስላልሆነ ነው። ስለት፣ የዘር ሐረግና ልማድ፣ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ትርጉም ያላቸው፣ እንዲያውም ሰዎች የኖሩባቸውና የተከበሩባቸው ነገሮች፣ ተደማምረው ነው መውጫ ያሳጧቸው። ይህን የመደማመር አሠራር ለማየት እያንዳንዱ ነገር በዘመኑ ምን እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል። አወቃቀሩን ማጥናትና ዳራውን ማጥናት እዚህ ላይ ሁለት ሥራ አይደሉም።

ሌላው ተቃውሞ ከተማሪዎቹ ከራሳቸው የሚመጣ ነው፤ ጊዜ የለም የሚል። ፈተናው ቀርቧል፣ ሌላም ትምህርት አለ፣ የተዘጋጀ ማስታወሻ መሸምደድ ይፈጥናል። ጭንቀቱ እውነተኛ ነው። ነገር ግን የትኛው ይፈጥናል የሚለውን በትክክል ማስላት ይገባል። ሁለት ገጽ የታሪክ ቀን የሸመደደ ልጅ አብዛኛውን የሚጠቀምበት ጥያቄ አይመጣለትም፤ ከጭንቀት የተነሣም አንዱን ዓመት ከሌላው ያምታታል። አራት ወይም አምስት አስቸጋሪ ትዕይንቶችን መርጦ ለእያንዳንዱ አንድ የታሪክ ነጥብ ያያያዘ ልጅ ትዕይንቱን ሲያስታውስ ነጥቡም አብሮ ይመጣለታል። እነዚያ ትዕይንቶች የመጽሐፉ ዋና ግጭት የሚከርርባቸው ስለሆኑ ስለ ጭብጥ፣ ስለ ገጸ ባሕርይ ወይም ስለ መቼት የሚመጣ ጥያቄ ከአንዱ ጋር መገናኘቱ አይቀርም። የምርጫ ፈተና ቢሆንም ልዩነት የለውም፤ ምክንያቱን የተረዳ ሰው የተሳሳተውን አማራጭ ለይቶ ያወጣል።

ይህ ዘዴ የራሱ አደጋ እንዳለው መሸሸግ አያስፈልግም። የደራሲውን ሕይወት ያወቀ ተማሪ ልብ ወለዱን የሕይወት ታሪክ አድርጎ ማንበብ ይቀናዋል፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በዲማ ተምሯልና በዛብህ እሱ ነው፣ ሥርዓቱን ተችቷልና ጉዱ ካሳ እሱ ነው ይላል። ሐዲስ ዓለማየሁ ግን ሥርዓቱን ከውጭ ሆኖ የተመለከተ ሰው አልነበረም፤ በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አምባሳደርና ሚኒስትር የነበረ ሰው ነው። ጉዱ ካሳን የጻፈ ሰው ፊታውራሪ መሸሻንም በእኩል ጥንቃቄ ጽፏል፤ ሁለቱን ሊጽፍ የቻለው ሁለቱንም ከውስጥ ስለሚያውቃቸው ይሆናል። ይህ አደጋ በይበልጥ የሚታየው በበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ላይ ነው። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ወጣ፤ የሚተርከው ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ስለተካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ነው። ሁለቱ ዘመኖች ሊገጥሙ ምንም አልቀራቸውም። መጽሐፉ ታገደ፤ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. ደብዛው ጠፋ። ስለ «ኦሮማይ» የሚጻፉ የተማሪ ድርሰቶች ብዙ ጊዜ በዚህ ዕጣ ይዋጣሉ፤ የልብ ወለዱ ሰዎች፣ የሚያፈቅሩትና የሚከዱት፣ በደራሲው መጥፋት ጥላ ሥር ይቀራሉ። የበዓሉ ግርማ ዕጣ ሊረሳ የማይገባው ነገር ነው። ነገር ግን ደራሲው የጠፋው መጽሐፉን ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ስለሆነ ከመጽሐፉ ውስጥ አንድም ትዕይንት አያብራራም። እሱን የሚያከብር ተማሪ የጻፈውን ማንበብ ይገባዋል።

ወደ «ፍቅር እስከ መቃብር» ስንመለስ ዳራው ሁሉንም ነገር የማይመልስበት ቦታ አለ፤ ጥሩ መልስ ይህንንም ያውቃል። ሰብለ ከአባቷ ቤት መሸሿን የዘመኑ ልማድ አያብራራውም፤ የዘመኑን ልማድ ተቃርኖ የቆመ ድርጊት ነው። ታሪክ የሚነግረን ያደረገችው ነገር ምን ያህል እንዳስከፈላት ነው እንጂ ለምን እንዳደረገችው አይደለም፤ እዚያ ላይ ደራሲው ብቻውን ነው። በመጨረሻ መመንኮሷ ደግሞ ሁለት ንባብ ይቀበላል። ምንኩስና በዚያ ማኅበረሰብ ለሴት የተከበረ ሕይወት ነበር፤ የመነኮሰችን ሴት አባትም ሆነ ባል አያዝዛትም፣ ማንም አይድራትም። ስለዚህ አባቷ በጋብቻዋ ላይ ይዞት የነበረውን ሥልጣን ለዘለዓለም የሚዘጋ ውሳኔ ሆኖ ሊነበብ ይችላል። በሌላ በኩል በዛብህ በስለት የተሰጠለትንና በፍቅር ምክንያት የተወውን ያን ሕይወት እሷ ስለምትኖረው፣ ስለቱ በመጨረሻ ዕዳውን ከሰብለ ተቀበለ፣ አሮጌው ሥርዓትም አሸነፈ ብሎ መከራከር ይቻላል። ፈተናው ላይ አንዱን ይዞ የሚከራከር ተማሪ ለሌላው ንባብ ቢያንስ አንድ አንቀጽ ሰጥቶ መመለስ ይኖርበታል፤ ለሁለቱም የሚሆን ማስረጃ በመጨረሻዎቹ ምዕራፎች ውስጥ አለ።